ወደ ቡሬ የሄደው ጠላ

ጠላ ይተነፍሳል። ይህን የሚያውቅ ሰው ጠላን ጠርሙስ ውስጥ ከትቶ በቆርኪ አይዘጋም። ጋን ገላው አፈር ነው፤ አፉ በኮባ ቅጠል ቢከደን እንኳ በጎን በጎኑ አየር ያገኛል። ጠርሙስ ግን እስር ቤት ነው። ይህን ለሚስቴ ነግሬአታለሁ፣ አንዴም አይደለም። እሷም መልሳልኛለች፣ አንዴም አይደለም።

"አንተ ከመቼ ወዲህ ነው ስለ ጠላ የምታውቀው? የምታውቀው መጠጣቱን ነው።"

እውነቷን ነው። ግን የሚጠጣም ሰው ያውቃል።

ሚስቴ መቱ ውስጥ ጠላ ትሸጣለች። ደጃችን ላይ በቆመ ረጅም እንጨት ጫፍ ጣሳ ደፍተናል፤ ያንን ያየ ይገባል። እኔ ቡና መጋዘን ጆንያ ስሸከም የኖርኩ ሰው ነኝ። ጀርባዬ እምቢ ሲል ቤት ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ውሃ መቅዳት፣ እንጨት መፍለጥ፣ ጌሾ መውቀጥና ሰካራም ማስወጣት ነው። የመጨረሻውን በደንብ እችልበታለሁ። ሰው ብዙም አልወድም፤ ፊቴም አይደብቅልኝም። ደንበኞች "ጋሼ፣ ዛሬ ምን ሆነዋል?" ይሉኛል። ምንም አልሆንኩም። መልኬ ነው።

እሷ መቱ አጠገብ ያለችው የሁሩሙ ከተማ ልጅ ናት፤ ጠመቃውን ከእናቷ ነው የወረሰችው። ጋኑን በግራዋ ቅጠል ትፈትገዋለች፣ ታለቀልቀዋለች፣ ሲደርቅ በወይራ ጭስ ታጥነዋለች። ብቅሏን ራሷ ታበቅላለች። እንኩሮ ስታምስ አጠገቧ መቆም ክልክል ነው፤ "ታወራለህ፣ ያርርብኛል" ትላለች። ባላወራም ያርራል፣ ያኔም ጥፋቱ የኔ ነው። ገብስ ከሩቅ ስለሚመጣ በቆሎና ዳጉሳ ትቀላቅላለች። ጠላዋ ሲቀዳ ጠይም ነው፣ ሲቀመስ መጀመሪያ ጭሱ ይመጣል፣ ከዚያ ጌሾው፣ ከዚያ ሰውየው ሌላ ጣሳ ይጠይቃል። መቱ ውስጥ ያልጠጣሁበት ጠላ ቤት የለም፣ ለማነጻጸር ብዬ ነው፤ እሷን የሚያክል አላገኘሁም። ይህን ግን ነግሬአት አላውቅም። ከነገርኳት እኔንም ማስከፈል ትጀምራለች።

አንድ ሴት ልጅ አለችን። ነርስ ሆና ቡሬ ተመደበች፤ የጎጃሙ ሳይሆን ከጎሬ ወዲያ ያለው የኛው ቡሬ። እዚያ አንድ መምህር ወደዳት፣ እሷም ወደደችው፣ ሽማግሌ ተላከ። ሽማግሌ ሲመጣ አልወድም። እነሱ የሚያውቁትን ነገር እንደማያውቁ ሆነው ይጠይቃሉ፣ እኛ የወሰንነውን እንዳልወሰንን ሆነን "እስቲ እንመካከር" እንላለን። ልጅቷ ግን ጓዳ ሆና እየሳቀች ነበር። የእሷን ሳቅ ስሰማ ሽማግሌዎቹንም ቻልኳቸው።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ አፉ የማይገጥም ሰው ነው። ነገሩ ካለቀ በኋላ የሚስቴን ጠላ እየደጋገመ ሞቅ ሲለው እንዲህ አለ፦

"የልጁ እናት ቡሬ ሆቴል አላቸው። ፍሪጅ ሙሉ ቢራ። 'የልጅቷ እናት ጠላ ሻጭ ናት አሉኝ እኮ' ብለው ትንሽ ቅር ብሏቸው ነበር። ምነው አሁን መጥተው ይህን በቀመሱት።"

ለማመስገን ብሎ ነው። ጓደኛው ጉልበቱን ነካው፤ ዘገየ። ሚስቴ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ከዚያ ለሰውየው ሞላችለት፣ ምንም አላለችም። እኔ የፈራሁት ያን ነው። ሚስቴ ምንም ካላለች ነገሩ ከባድ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ጌሾ ስወቅጥ መጥታ ፊቴ ቆመች።

"ቢራ በጠርሙስ ስለሚሸጥ ነው የምትበልጠኝ?" አለች።

"ማን?"

"አትጃጃል። ቅልቅል ቡሬ እነሱ ቤት ነው አይደል? እኔም ጠላዬን በጠርሙስ አቀርበዋለሁ። በያንዳንዱ ሰው ፊት አንድ አንድ ጠርሙስ። በጣሳ የሚጠጣ አንድ ሰው አይኖርም።"

"ጠላ በጠርሙስ አይሆንም። ይተነፍሳል።"

"እንግዲያው አንተ ተንፍስለት። ልጄ እዚያ ቤት አንገቷን ደፍታ አትኖርም። የጠላ ሻጭ ልጅ እየተባለች ሳህን አታጥብም። ሰማህ?"

ሰማሁ። ልጄ ማንም ፊት አንገቷን ደፍታ አታውቅም፤ እኔ ፊት እንኳ። ግን የሚስቴን ዓይን አየሁና ጌሾዬን መውቀጥ ቀጠልኩ። ነገሩ የጠርሙስ አልነበረም። ወይም የጠርሙስ ብቻ አልነበረም።

ጠርሙስ መሰብሰብ ጀመርን። በየመጠጥ ቤቱ እየዞርኩ ባዶ የቢራ ጠርሙስ ስለምን ከረምኩ። የሚያውቁኝ ሁሉ ሳቁብኝ። "ጋሼ፣ ጠላ ሰልችቶዎት ወደ ቢራ ገቡ፣ ያውም ባዶውን" አሉ። የመለስኩላቸውን እዚህ አልጽፍም። ሚስቴ ጠርሙሶቹን በሙቅ ውሃና በአሸዋ አንገታቸው ድረስ አጠበች፣ በግራዋ አለቀለቀች፣ ፀሐይ ላይ ደፍታ አደረቀች። ግቢያችን ፋብሪካ መሰለ።

ጎረቤታችን ባለሱቅ ነው፣ የጉራጌ ሰው፣ ሥራ የሚወድ፣ ወሬ ደግሞ ከሥራ አብልጦ የሚወድ። ድሮ አረቄ በጠርሙስ እየሞላ ይሸጥ በነበረ ጊዜ የገዛው የቆርኪ መግጠሚያ ነበረው። ዝገቱን ጠርጎ ይዞት መጣ።

"እትዬ፣ ይሄ እንግዲህ ኢንዱስትሪ ሆነ" አላት።

"ቀስ ብለህ ምታው፣ አንገቱን ትሰብረዋለህ።"

"የማንን?"

"መጀመሪያ የጠርሙሱን። ከዚያ እኔ ያንተን።"

ሚስቴ ጠላው ጨርሶ ከመስከኑ በፊት አጠለለችው። ለምን ብላት "የሷ ቢራ ጋዝ አለው፣ የኔም ይኑረው" አለች። ይህ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ከሁሩሙ ወንድሟ የላከላትን ማር አውጥታ በያንዳንዱ ጠርሙስ አንድ አንድ ማንኪያ ጨመረች። የቡሬ ሰው ለስላሳ ለምዷል፣ ምሬቱን ያበርድልኛል ነው የምትለው። እኔ ምሬት ምን ነውር አለው አልኩ። ባለሱቁ "እርስዎ ይህን ባይሉ ይገርመኝ ነበር" አለ። ማር የገባበት ጠላ ምን እንደሚያደርግ ከኛ ውስጥ ማንም አላሰበም። ማርን ከብርዝና ከጠጅ ጋር ነው የምናውቀው፣ ጠጅም በኛ አገር ክዳኑን ማንም በብረት አይቆልፍበትም።

ግማሽ ያህሉ ከታሸገ በኋላ ቆርኪ አለቀ። ሌላ ከየት ይምጣ? ሚስቴ ተናደደች፣ ባለሱቁ ራሱን አከከ፣ እኔ ወደ ጓሮ ሄድኩ። የተፈለፈለ በቆሎ ቆረቆንዳ ተከምሯል፤ ለማገዶ ነው የምናስቀምጠው። አንዱን በቢላዋ ጠርቤ ጠርሙስ አፍ ላይ ሰካሁት። ልክክ አለ። የቀሩትን ሁሉ እንደዚያ ደፈንኳቸው። ሚስቴ ስታያቸው ፊቷ ጠቆረ።

"የገበሬ ጠርሙስ አደረግኸው።"

"ገበሬ ነን።"

"ከኋላ አስቀምጣቸው። ባለቆርኪዎቹ ከፊት ይሁኑ።"

ከዚያ ምልክት ይለጠፍበት አለች። ቢራ ወረቀት አለው። ይህን ሥራ ለማንም አልሰጠሁም። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው፣ ቀበሌው በከፈተው የጎልማሶች ትምህርት። ልጄ በኦሮምኛ በቁቤ እየተማረች፣ እኔ ከጎኗ ሀሁ እየቆጠርኩ አንድ መብራት ሥር ተቀምጠን እናጠና ነበር። የሳቁብኝ ነበሩ። ዛሬ እነሱ ቤት ደብዳቤ ሲመጣ የሚያነብላቸው ማን እንደሆነ አልናገርም። ስለዚህ ከደብተር ወረቀት እየቆረጥኩ "የሙሽራዋ እናት ጠላ፣ መቱ" ብዬ በትልልቁ ጻፍኩ፣ በዱቄት ሙጫ ለጠፍኩ። እጄ ሲሞቅ ከራሴ ጨመርኩ። አንዱ ላይ "ቀስ ብለህ ጠጣ" አልኩ። ሌላው ላይ "ስትሰክር አትማል"። ሚስቴ አራተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች፤ ይህን አትረሳም፣ እኔም እንድረሳው አትፈቅድም። አንድ በአንድ አነበበችና የመከርኩባቸውን ሁሉ ቀደደች። "አማቾቼን የምትሰድብበት ጠርሙስ አልሰጥህም" አለች። አንዱ ብቻ አመለጣት።

"ጋኑን ግን እወስዳለሁ" አልኳት።

"የቱን ጋን?"

"ትንሹን። ሳትጨማምሪበት በፊት ከጠላው የቀዳሁበትን።"

"አማት ቤት ጋን ተሸክመህ ልትገባ?"

"ጆንያ ስሸከም ኖሬ ጋን ያሳፍረኛል? ማንም ካልጠጣው እኔ እጠጣዋለሁ።"

አየችኝ። ድካም ይሁን እሺታ አላወቅሁም። "በኋላ በር ታስገባዋለህ" አለች። "በጆንያ ሸፍነህ። ሰው ካየው እኔን አታውቀኝም።"

የሰርጉ ዕለት አለፈ፣ ልጃችን ተሞሸረች፣ ወሰዷት። ያ ቀን ሌላ ወሬ ነው፤ አለቀስኩ ያለ ሰው ካለ ጭስ ነበር። የቅልቅሉ ዕለት ጠዋት አንድ ሚኒባስ ተከራይተን ተነሣን። ሾፌሩ የሠፈር ልጅ ነው፣ ጴንጤ፣ መጠጥ በአፉ አይዞርም። የተሳፈርነው እኔና ሚስቴ፣ የሚስቴ ታላቅ እህት፣ ባለሱቁና የቀሩት ጎረቤቶች ነን። ባለቆርኪዎቹ ጠርሙሶች በቢራ ሳጥን ሆነው ከወንበር ሥር ገቡ። ባለቆረቆንዳዎቹ ከኋላ። ጋኑ በኮባና በጆንያ ተጠቅልሎ እግሮቼ መሃል። እንደ ልጅ አቅፌው ተቀመጥኩ።

ጎሬ እስክንደርስ ደህና ነበርን። ሴቶቹ ዘፈኑ፣ ባለሱቁ አጨበጨበ፣ ሾፌሩ መዝሙሩን ቀንሶ ታገሠን። ከጎሬ ወዲያ መንገዱ ተበላሸ፣ ፀሐዩም በረታ። ሚኒባሷ እንደ ወንፊት ትነፋን ጀመር።

ጧ አለ።

ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። "ጎማ ነው" አለ።

የሚስቴ እህት ቀሚሷን ዳሰሰች። "ጎማ አይደለም። እግሬ ረጥቧል።"

"እትዬ፣ ከድንጋጤ ነው፣ ያጋጥማል" አላት ባለሱቁ።

"ከድንጋጤ ቢሆን ጌሾ ጌሾ አይሸትም ነበር፣ አንተ ባለጌ።"

ሁለተኛው ጧ አለ። ከዚያ ሦስተኛው ከባለሱቁ ወንበር ሥር፤ ብድግ ሲል አናቱ ጣራውን መታ። ሚኒባሷ ውስጥ ጠላ ዘነበ። ሁላችንም ተጋፍተን ወረድን፤ እኔ ጋኑን አቅፌ ወረድኩ። ስብርባሪው በሳጥኑ ተይዞ ቀረ እንጂ ሰው አልነካም። መንገድ ዳር ቆመን ባዶ ሚኒባስ እንሰማለን። ዝም ይላል፣ ዝም ይላል፣ ከዚያ ጧ።

አንድ ገበሬ አህያውን እየነዳ መጣ። ቆመ። "ማሊ ኩኒ?" አለ፣ ምንድን ነው ይሄ ማለቱ ነው።

"ፋርሶ" አለችው የሚስቴ እህት። ጠላ ነው።

ሰውየው ሚኒባሷን አየ፣ እኛን አየ፣ በአማርኛ ቀጠለ። "ጠላ እየተኮሳችሁ ነው የምትሄዱት?"

"ወደ ሰርግ ነን።"

"ለመታረቅ ነው ለመዋጋት?"

ገበሬው አህያውን ዛፍ ላይ አሰረና ሊያይ ተቀመጠ። ጧ ባለ ቁጥር አህያዋ ጆሮዋን ታቆማለች፣ እሱ ይስቃል።

ሚስቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። ነጭ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጠላ ሆኗል። አልሳቀችም። "እንመለስ" አለች። "እንዲህ ሆኜ እሷ ፊት ከምቆም ሞቼ ልገኝ። ልጄንስ ምን ይሏታል? እናቷ ባዶ እጇን መጣች፣ ያውም ጠላ ጠላ እየሸተተች።"

እኔ ማጽናናት አልችልም። ቃሉ አይመጣልኝም፣ ቢመጣም ጠማማ ሆኖ ነው የሚወጣው። ቆርኪ መክፈት ግን እችላለሁ። ጆንያ አርጥቤ ክንዴ ላይ ጠቀለልኩ፣ ገባሁ፣ ያልፈነዳውን ሳጥን ጎትቼ አወረድኩ። አንዱን በጆንያው ሸፍኜ ቆርኪውን በቢላዋ ጀርባ ገፋሁት። አረፋው ወደ ሰማይ ሄደ። ሲመለስ ሾፌሩ ላይ አረፈ።

ልጁ ዓይኑን ጠርጎ ቆመ። ከሸሚዙ ጠላ ይንጠባጠባል። "ጋሼ፣ እሁድ የምዘምረው በዚህ ሸሚዝ ነው እኮ" አለ።

"ጌታ ያውቅሃል" አለው ባለሱቁ። "ፓስተሩን ነው የምትፈራው።"

ከዚያ ነገሩ መልክ ቀየረ። ካልተከፈቱ ይፈነዳሉ፣ ከተከፈቱ ይፈሳሉ፣ የሚፈሰውን ምድር ከሚጠጣው ሰው ቢጠጣው ይሻላል። ተሰለፍን። እኔ እከፍታለሁ፣ ሰዉ አፉን ይደቅናል። የሚስቴ እህት "እኔ ሐኪም ከልክሎኛል" አለች፣ ባለሱቁ "ሐኪሙ ጎሬ ነው የቀረው፣ አያይዎትም" አላት፣ ጠጣች። ገበሬውም ሳይጠራ ተሰለፈ። ሁለት ጠጥቶ፣ ሦስተኛውን ሲቀበል ወረቀቱን አሳየኝና ምን እንደሚል ጠየቀኝ። ያመለጠው ጠርሙስ ነበር። አነበብኩለት፦ "ስትሰክር አትማል።"

ገበሬው አሰበበት። "ዘገየህ" አለ። "ለሚስቴ ትናንት ምያለሁ።"

ይህን ጊዜ ነው ሚስቴ የሳቀችው። መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ከዚያ እጇን አፏ ላይ ጭና፣ ከዚያ ሳትደብቅ በሙሉ ድምፅዋ። ድንጋዩ ላይ ወደ ኋላ ልትወድቅ ስትል እህቷ ያዘቻት፣ እህቷም ስትስቅ ሁለቱም ወደቁ። ከተጋባን ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም። ብዙ ዓመት ነው የተጋባነው። ሣሩ ላይ ተቀምጣ ጠርሙስ ተቀበለችኝና እሷም ጠጣች።

"ማሩ በዛ" አለች።

"አልኩሽ።"

"አላልክም። አንተ ያልከው ይተነፍሳል ነው።"

"ተነፈሰ።"

ሳጥኖቹ ሲያልቁ ከኋላ ያሉትን አየን። ከባለቆረቆንዳዎቹ አንድም አልፈነዳም። ቆረቆንዳ ቀዳዳ አለው፣ ትንፋሹን ቀስ እያለ አሳልፎለታል። አንገታቸው ላይ ትንሽ ረጥበዋል፣ ወረቀታቸው ተላጧል፣ ግን ቆመዋል። ሚስቴ እያሰበች ቆጠረቻቸው። ለትልልቆቹ ይበቃሉ አለች። ቀሚሷን ገልብጣ ለበሰች፣ ወደ ሚኒባሷ ገባን፣ ሾፌሩ መስኮቱን ሁሉ ከፈተ። ቡሬ እስክንደርስ ያልዘፈነ ሰው አልነበረም። እኔ አልዘፈንኩም፣ ግን አልከለከልኩም።

ቡሬ ስንገባ የሙሽራው እናት ከሰዎቻቸው ጋር በር ላይ ቆመዋል። ወፍራም፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው፣ ዓይናቸው ሰው ይመዝናል። ሰላምታው ረዘመ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም ተሳሳምን። አፍንጫቸው ሁለቴ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ልጄ እናቷን አቅፋ "እማ፣ ምን ሆናችሁ ነው?" ስትል ሚስቴ "መንገድ" አለች። እኔ ጋኑን በኋላ በር አስገባሁ፣ ከማጀቱ ጥግ አስቀምጬ በጆንያ ሸፈንኩት።

ምግቡ ቀረበ። በያንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ ከፍሪጅ የወጣ ቢራ ተደርድሯል። ሚስቴ ተነሥታ ባለቆረቆንዳዎቹን በእጇ ትልልቆቹ ፊት አስቀመጠች።  የሙሽራው አጎት፣ ሽበታሙ ሽማግሌ፣ ቆረቆንዳውን ነቀሉ፣ አሸተቱት፣ ቀዱ፣ ጠጡ።

"ደግ ነው" አሉ።

ለታማሚ "ዛሬ ደህና መስለሃል" እንደሚባለው ነው ያሉት። እኔም ቀመስኩት። ትንፋሹ ሁሉ ወጥቶ ማርና ቆምጣጣ ነገር ብቻ ቀርቷል፤ ቆረቆንዳው የራሱን ጣዕም ሰጥቶታል። ሌሎቹም ጨዋ ሰዎች ናቸው፣ አንድ አንድ ተጎንጭተው ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። የሙሽራው እናትም እንደዚያው። ቢራ መከፈት ጀመረ። ሚስቴ ተመልሳ አጠገቤ ተቀመጠች፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ። 

የሚስቴ እህት ከጎሬ ወዲህ የጠጣችው ገና አልበረደላትም ነበር። "ጋኑስ?" አለች ጮክ ብላ። "ጋን አለ አይደል እንዴ ማጀት? ጭብጦ የደበቀ ልጅ ይመስል ምን ትደብቃላችሁ?"

 ሚስቴ እህቷን አየቻት፤ ያ አስተያየት ጠላ ያኮመጥጣል። የሙሽራው እናት ተነሡ፣ ማንንም ሳይጠይቁ ወደ ማጀት ሄዱ። ተከተልናቸው፣ ሚስቴም፣ እኔም። ጆንያውን ገለጡት፣ ኮባውን አነሡት። የወይራው ጭስ ሽታ ቤቱን ሞላው። ከመደርደሪያ ጣሳ ወስደው ቀዱ፣ ቆመው ጠጡ። ደግመው ቀዱ። ሦስተኛውን ሲቀዱ ወደ ሳሎን ዞረው አስተናጋጁን "ፍሪጁን ዝጋው" አሉት።

ከዚያ ወደ ሚስቴ። "ይህን ለምን ደበቅሽው?"

ሚስቴ ከኔ ጋር ብዙ ኖራለች፤ ያን ቀን እንደኔ ተናገረች። "ጠላ ሻጭ ብለሽኛል ተብሎ ተነገረኝ።"

ልጄ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ትንፋሿን ስትይዝ ሰማሁ።

"ብያለሁ" አሉ ሴትዮዋ። አልካዱም፣ አልተቅለሰለሱም። ያን ጊዜ ወደድኳቸው። "ለልጄ ከኔ የተሻለ ቤት እመኝ ነበር። እኔስ ምንድን ነኝ? ቢራ ሻጭ። አንቺ የምትሸጪውን ራስሽ ትሠሪዋለሽ። እኔ ሰው የሠራውን ነው በረዶ ላይ አስቀምጬ የምሸጠው። ጠመቃ እናቴ ልታስተምረኝ ብትል እጄ ጌሾ ጌሾ ይሸታል ብዬ እምቢ አልኩ።" ጣሳውን ለሚስቴ ሞልተው ሰጧት። "ጠጪ። ስትጠጪ ልይሽ።"

ሚስቴ ጠጣች። ሁለቱም እየተያዩ ጠጡ። ከዚያ ሴትዮዋ አረፋ ከከንፈራቸው ጠርገው "ጠርሙሱን ግን ምን ነካሽ?" አሉ፣ ሚስቴ የመንገዱን ስትነግራቸው ግድግዳ ተደግፈው ሳቁ፣ ልጄም ሳቀች፣ ሳሎን ያሉት ምን እንደሆነ ሊሰሙ መጡ። ጋኑ ተጎትቶ ወደ ሳሎን ወጣ። ሽበታሙ አጎት ቀምሰው በኦሮምኛ አመሰገኑ፤ ሲጨርሱ ብርጭቆ አይበቃኝም፣ ጣሳ ስጡኝ አሉ። ጣሳ ተሰጣቸው። ከዚያ ሁሉም ጣሳ ጠየቀ፣ የቤቱ ጣሳ ስላልበቃ ከጎረቤት ተለመነ። ልጄ በመሃላቸው ማንቆርቆሪያ ይዛ ቀና ብላ ትዞራለች፤ "የእማዬ ነው" ትላለች ለሚጠጣው ሁሉ፣ ሳይጠይቃትም።

ማምሻውን ልንነሣ ስንል የሙሽራው እናት ጋኑን ያዙ። "ይሄ እዚህ ይቅር" አሉ።

"ልጄን ወስዳችሁ ጋኔንም?" አለች ሚስቴ።

"ልጅሽ ጠላ መጥመቅ ትችላለች?"

ሚስቴ ልጄን አየች፣ ልጄ ጣራውን አየች።

"አትችልም" አለች ሚስቴ። "መርፌ ነው የምትችለው።"

"እንግዲያው ሁለታችንንም አስተምሪን።"

እዚያው ማጀት ተቀመጡ። ስለ ጌሾ ተጀመረ። ሴትዮዋ እናታቸው ቅጠሉን ብቻ ትጠቀም እንደነበር ተናገሩ፣ ሚስቴ ያለ እንጨቱ ጠላ ጠላ አይደለም አለች፣ ድምፅ ከፍ አለ፣ አንዷ የአንዷን ክንድ ይዛ ትከራከራለች። ሾፌሩ ደጅ ሆኖ ጥሩንባ ነፋ። ማንም አልተነሣም። እኔም ጣሳዬን ይዤ በሩ ላይ ተቀመጥኩ፣ ሚስቴ ዞር ሳትል "አንተ፣ ዝም ብለህ ከምትቀመጥ ውሃ ቅዳ፣ ጋኑ ይታጠብ" አለችኝ። ባልዲውን አንሥቼ ወጣሁ።